በሁዳዴ የገዛሁት የግመል ሥጋ

ውሻው የወንድሜ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰዎች የውሻ ወዳጅ አድርገው እንዳይገምቱኝ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ "ውሻ ደጅ እንጂ ቤት አያድርም" እያልኩ ስሟገት የኖርኩ ሰው ነኝ። ወንድሜ ግን ገና ዓይኑን ያልገለጠ ቡችላ ከሶፊ ገጠር በጃኬቱ ብብት ሸጉጦ አመጣና "ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው" አለኝ። አባታችን በተወልን ቤት፣ ከሐረሩ ፈላና በር ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን የምንኖረው። እሱ አላገባም፤ እኔ አግብቼ ተመልሻለሁ። ለአንድ ሳምንት የመጣው ውሻ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠ።

ኅዳር ላይ ወንድሜ ሞተ። አልታመመም፣ አልሰነበተም፤ ራቱን በልቶ የተኛ ሰው ጠዋት አልተነሳም። ለቅሶው ደማቅ ነበር፤ በዚህ ማንንም አላማም። እድሩ ድንኳን ጣለ፣ የሰንበቴ ማኅበርተኞቻችን ንፍሮ ቀቀሉ፣ ከጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንኳ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው አብረውኝ ተቀመጡ። ውሻው ሰው እንዳይነክስ ጓሮ፣ ከማገዶ ቤቱ ጀርባ ታስሮ ከረመ። ከዚያ አርባው ወጣ። ከአርባው በኋላ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ሰዉም አንድ ላይ ተጠቅልሎ ሄደ። የእኛ አገር ሐዘን እስከ አርባ ቀን የሕዝብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የባለቤቱ ነው።

ብቸኝነት ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ትዳሬን ፈትቼ ስመለስ ቀምሼዋለሁና። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። ማታ የበሩን መወርወሪያ የምዘጋው እኔ፣ ጠዋት የምከፍተውም እኔ፤ በመካከል የነካው ሰው የለም። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ሰላም ልል አፌን ስከፍት ከንጋት ጀምሮ ቃል እንዳልተናገርኩ ድምፄ ይነግረኛል፤ ጎርነን ይልብኛል።

የቀረኝ ውሻው ነበር። አመሻሽ ላይ፣ ወንድሜ ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት፣ ከተኛበት ተነሥቶ ወደ በሩ ይሄዳል። ጆሮውን ቀስሮ ይቀመጣል። ሲመሽ ደግሞ ይመለሳል። በመጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ ኋላ ግን እሱ ሲነሣ እኔም ሥራዬን ትቼ ማየት ጀመርኩ። እኔ ወንድሜ እንደማይመጣ አውቄዋለሁ፤ ቀብሬዋለሁ። ውሻው አልቀበረውም። በቤቱ ውስጥ ወንድሜን የሚጠብቅ አንድ ፍጡር አለ ማለት ነው፤ እሱም ከሞተ ያ መጠበቅ ራሱ ይቆማል። ስለዚህ ጥር ላይ ምግብ እምቢ ሲል ደነገጥኩ።

እንደ ማንኛውም ሐረር ውስጥ እንዳለ ውሻ ያደገው በትርፍራፊ ነው። እንጀራ በወጥ፣ የተረፈ ሽሮ፣ የዶሮ አጥንት። አሁን ግን የበላውን ያስመልሰዋል፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ጀመር። ወደ እንስሳት ሐኪም ልወስደው ባጃጅ ለመንኩ። ሹፌሩ ውሻውን አየና "እትዬ፣ እርስዎን እስከ ድሬዳዋም ቢሆን አደርስዎታለሁ፤ እሱን ግን አላሳፍርም" አለኝ። በገመድ ይዤው በእግር ሄድን። እሱ ደክሞታል፣ እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ መንገዱን ሁሉ ተራ በተራ እየቆምን እየተጠባበቅን ደረስን።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ሆዱን ዳሰሰው፣ ድዱን አየ፣ የሚበላውን ጠየቀኝ። ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

"እማማ፣ ከእንግዲህ ወጥ የሚባል ነገር አይስጡት። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው። በርበሬና ጨውም ይቅርበት።"

እማማ መባሌ ቅር ቢለኝም ዋጥ አድርጌ፣ "ታዲያ ምን ቀረ?" አልኩት።

"ቀይ ሥጋ፣ ስብ ያልበዛበት። በውኃ ቀቅለው ከሩዝና ከካሮት ጋር ይስጡት። አልፎ አልፎ ጉበት። የተቀቀለ አጥንት በፍጹም። ጥሬ ሥጋም ለጊዜው ሆዱ አይችለውም።"

ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው ምግብ መሥራት። ሴት ልጅ በባልትናዋ በምትመዘንበት አገር ተወልጄ በስተርጅና ውኃ ቀቃይ ሆንኩ። ደግሞም ሰው የሚበላው ባጣበት ዘመን ለውሻ ሥጋ መግዛት ያሳፍራል፤ ለማንም አልተነፈስኩም። ከእኛው ሥጋ ቤት ለራሴ የምገዛ መስዬ እገዛ ጀመር። ሥጋ ሻጩም ሐዘንተኛ እንደመሆኔ ራሴን የምጠግን መስሎት "በርቺ" ይለኝ ነበር።

እንዲህ ሳለ ቅበላ ደረሰ። በቅበላው ማግስት ሥጋ ሻጩ ቢላውን ሰቅሎ፣ በሩን ዘግቶ፣ "ለፋሲካ ያገናኘን" ብሎ ወደ ዘመዶቹ አገር ሄደ። የሁዳዴን ሁለት ወር ሥጋ በፍሪጅ ላጠራቅም እንዳልል ፍሪጁ አለ፤ መብራቱ ግን አንዳንዴ አለ አንዳንዴ የለም።

ሥጋ የሚሸጡት እንግዲህ ሙስሊሞቹ ብቻ ናቸው። አገሩን ለማያውቅ አስረዳለሁ፦ እኛና እነሱ ጎረቤት ነን፣ በለቅሶና በሠርግ አንለያይም፣ ሥጋ ግን ሁለት ነው። የክርስቲያን ሥጋ አለ፣ የእስላም ሥጋ አለ፤ አንዱ የሌላውን አይበላም። የበላ እንደሆነ ከሥጋ በላይ የሆነ ነገር እንደበላ ይቆጠራል። በዚህ ላይ ግመል አለ። ግመል እኛ ዘንድ ጭራሽ አይነካም። የግመል ሥጋ ግን ስቡ ጥቂት፣ ቀዩ ብዙ ነው፤ ሐኪሙ የሚለው ሥጋ ይኸው ነበር።

በግንቡ ውስጥ ወንድሜ የሚያውቃቸው አንድ የግመል ሥጋ ሻጭ ሐጂ ነበሩ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ ሄድኩ። እንዳላታልላቸው ብዬ ገና ከመድረሴ፣

"ሐጂ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ለሰው አይደለም፤ ለውሻ ነው" አልኳቸው።

ቢላውን ከመክተፊያው ላይ አሳረፉት። "ለውሻ?"

"ታሟል። የወንድሜ ውሻ ነው፤ ወንድሜ ዐርፏል።"

"ያ ረጅሙ? ባለፈ ባገደመ ቁጥር ሰላም የሚለኝ?" አንገታቸውን ደፉ። "ወላሂ አልሰማሁም። አላህ ሶብር ይስጥዎ።" ቢላቸውን መልሰው አነሡ። "ውሻ እኛ ቤት አይገባም። ግን የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ከአላህ ዘንድ አጅር አለው ተብለን ነው ያደግነው። የተራበውም ያው ነው፣ ኢንሻአላህ።"

ያለ አጥንት፣ ያለ ስብ አድርገው ቆረጡልኝና በጥቁር ፌስታል ጠቀለሉት። "ጠበቅ አድርገው ይያዙት። አሞራው ዛሬ ደፍሯል።"

ለፍስክ የማስቀምጣትን ትንሽ ድስት አወጣሁ። ወጥ ቤቴን ላለማስነካት ከሰሉን ጓሮ አቀጣጠልኩ። ሥጋው ሲፈላ ጠረኑ አካባቢውን ሞላው፤ እኔ ቁርስ እንኳ አልቀመስኩም። አቀዝቅዤ፣ ሩዝና ካሮት ቀላቅዬ ሰጠሁት። አሸተተና ፊቱን አዞረ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ትቼው ሄጄ ተመለስኩ። አልነካውም። ከዚያ ከመክተፊያው ላይ የቀረውን ጥሬ ቁራጭ ሲያይ አየሁት። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥሬ ሥጋ ሲበላ ይኼ ውሻ አጠገቡ ተቀምጦ ጉርሻ ይጠብቅ ነበር። ሐኪሙ ጥሬ አይሆንም ብሎኛል፤ ሐኪሙ ግን ወንድሜን አያውቀውም። ቁራጩን በሁለት ጣቴ ያዝኩና ዘረጋሁለት። ቀስ ብሎ፣ ጥርሱን ሳያስነካኝ ጎረሰ። እኔ፣ ውሻ በነካኝ ቁጥር እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ የምታጠበው ሴት፣ ጓሮ ተቀምጬ ውሻ አጎረስኩ፤ አለቀስኩም። ከዚያ ቀን በኋላ መጀመሪያ አንድ ጥሬ ጉርሻ፣ ከዚያ ቅቅሉን። ይበላ ጀመር።

ሐጂ ዘንድ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ መሄድ ልማዴ ሆነ። "ጓደኛችን እንዴት አደረ?" ይሉኛል። "በላ" እላቸዋለሁ። "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ። ይኸው ነው ጨዋታችን። ግን ቀኑን ሙሉ ስመላለስበት እውላለሁ።

አንድ ማለዳ ከሐጂ ስመለስ፣ ከገበያው መውጫ ላይ ያ የተባለው አሞራ ከላይ ወረደ። ክንፉ ጆሮዬን ሲመታኝ ነው ያወቅሁት። ፌስታሉን በጥፍሩ ቀደደውና ሥጋው መሬት ላይ ተዘረገፈ። ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ ስለቅም፣ አቧራውን በነጠላዬ ጫፍ ስጠርግ፣ ቀና ስል የሰንበቴያችን ኃላፊ የሆነችው ሴት ሽንኩርት ገዝታ ቆማለች። ሥጋውን አየች፣ እኔን አየች፣ የመጣሁበትን አቅጣጫ አየች። ሁዳዴ ገና እኩሌታው ነው። "እንደምን አደርሽ" አልኳት። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለችና መንገዱን ተሻገረች። የቸኮለች መሰለኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሰንበቴ ላይ አጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ዋለ፤ አላስተዋልኩም። የእኔ ተራ ሲቃረብ ኃላፊዋ "አንቺ ዘንድሮ ይቅርብሽ፤ ሐዘንተኛ ነሽ" አለችኝ። እንዴት ያለ አሳቢነት ነው ብዬ ወደድኳት። ሐዘንተኛ ብሆንም ተራዬን አልዘልም ብዬ ግን ድፎዬን ጋግሬ፣ ጠላዬን ጠምቄ አቀረብኩ። ዳቦው ሳይቆረስ ቀረ። ጾም ስለሆነ ሰዉ ምግብ ቀንሷል ብዬ ይዤው ተመለስኩ። እንግዲህ ይህን ያህል ነው ሞኝነቴ።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሳይንኳኳ ስለከረመ መጀመሪያ የጎረቤት መሰለኝ። ስከፍት የንስሐ አባቴ ናቸው፤ ከኋላቸው ኃላፊዋና ሌላ አንዲት የማኅበራችን ሴት። ደስታዬ ወሰን አጣ። አስገባኋቸው፣ ሻይ አፈላሁ፣ ቆሎ አቀረብኩ፣ ወንድሜ ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር ለአባ ሰጠሁ። አፌ አልዘጋ አለ። ስለ ጉልበቴ፣ ስለ መብራቱ፣ ጣሪያው ስለሚያፈስበት ቦታ፤ የሁለት ወር ወሬ በአንድ ቁጭታ ዘረገፍኩት። ሴቶቹ ቆሎውን አልነኩም። እየተያዩ ነበር።

በመጨረሻ አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ሐዘን ሰውን ይፈትናል። ኢዮብም ተፈትኗል። ነገር ግን ሰው ባዘነ ጊዜ ማተቡን ያጠብቃል እንጂ አይበጥስም።"

ሳላስበው እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። ማተቤ አለች። "ምን ማለትዎ ነው አባቴ?"

ኃላፊዋ መሬት መሬት እያየች ተናገረች። "ከሌላ ሰው ከምንሰማ ብትነግሪን ይሻል ነበር። በሁዳዴ፣ ያውም ግመል። ሽታው እኮ መንገድ ድረስ ይመጣል። ሰልመሻል እየተባለ ነው።"

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቁ መካከል ላይ ተቆረጠና ንዴት ሆነ። "ይነሡ አባቴ" አልኳቸው። "እናንተም ተነሡ።"

ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። ከሰሉ ላይ ድስቷ ተጥዳለች። ውሻው ሰው ሲያይ ሊጮህ ሞከረ፤ ድምፁ ስላልወጣለት ጭራውን ቆላ። ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋቸው፤ ሥጋ፣ ሩዝ፣ ካሮት። ሽንኩርት የለ፣ በርበሬ የለ። ጾመኛ ይቅርና ያገኘውን የሚውጥ ሆዳምም አይበላውም።

"ለካ ውሻ አለሽ" አሉ አባ። "መቼ አመጣሽው?"

"ዘጠኝ ዓመቱ ነው።"

ድሮ እሳቸው ሲመጡ ወንድሜ ያስረው ስለነበር አላዩትም፤ ጩኸቱን ሰምተው ይሆናል፤ ሐረር ውስጥ ውሻ ሲጮህ ማን ልብ ይላል። ዝም ብዬ ልሸኛቸው ይገባኝ ነበር፤ አልቻልኩም።

"አባቴ፣ ከአርባው ወዲህ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ በዚህ በር ገብቶ ቢሆን ኖሮ ውሻውን ያየው ነበር።"

ሁለተኛዋ ሴት ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። አባ መስቀላቸውን አሳለሙኝ፤ ወደ ውሻውም ዞር ብለው "እግዚአብሔር ይማርህ" አሉት። ኃላፊዋ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ከልቧ ነበር። ሻዩን ግን ተቀምጠው አልጨረሱም። "ሌላ ቀን መጥተን እንጫወታለን" ብለው ሄዱ።

ስሜን አጸዱልኝ፤ ያንንም አልክድም። በሳምንቱ ሰንበቴ ላይ ሁሉም እየመጣ ሳመኝ። ታሪኩ ለሳቅ ሆነ፤ የውሻው ነገር፣ የአሞራው ነገር፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሌላ ቀን የተባለው ቀን ግን አልመጣም። ሲያሙኝ መጡ፤ ሲያምኑኝ ቀሩ። ከአርባው በኋላ በቤቴ የተደረገው ረጅሙ ጨዋታ እኔን ለመክሰስ የመጡበት ነበር፤ ይህን ሳስበው እንኳን ታማሁ የምልበት ጊዜ አለ።

ፋሲካ ዋለ። ሁሉም ሌላው የጠራኝ መስሎታል። ለአንድ ሰው ዶሮ አይሠራም፤ ከእኛው ሥጋ ቤት ጥቂት ገዝቼ ለእኔ ጠብሼ፣ ለእሱ ቀቅዬ፣ በር ላይ ተቀምጠን በላን። የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ ወደ በሩ መሄድ አላስፈለገውም፤ እዚያው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ የእኛው ሥጋ ቤት ቢከፈትም ሐጂን አልተውኳቸውም። ሰኔን አለፍን። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ቅቅሉን ተወ። ከዚያ ጥሬውን ጉርሻ ጎርሶ ተፋው። ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ አየውና "እማማ፣ ዕድሜው ነው፤ ባይንከባከቡት እስከ ዛሬም አይቆይም ነበር" አለኝ። ማታ ያንኑ ሰዓት ጠብቆ ተነሣ፤ እየተጎተተ በሩ ጋ ደረሰ። ላስገባው ብሞክር እምቢ አለኝ። ዣንጥላ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሲመሽ አልተመለሰም፤ እዚያው አለቀ።

በማግስቱ አንድ የቀን ሠራተኛ ጠርቼ ጓሮ አስቀበርኩት። ጅብ እንዳያወጣው ጠለቅ አድርጎ ቆፈረ፣ ድንጋይ ጫነበት። ለውሻ ለቅሶ የለም። ድንኳን አይጣልም፣ ነፍስ ይማር አይባልም፣ አርባ የለውም። ለማን ብዬ እናገራለሁ? ሰው ለወንድሟ ያለቀሰችው ሳያንሳት ለውሻ ታለቅሳለች ብሎ ይስቃል። ለማንም ሳልነግር ዝናቡን ቤት ተቀምጬ አሳለፍኩ። በዚያ ክረምት አመሻሽ ላይ በሩን የሚያይ እኔ ብቻ ሆንኩ፤ እኔ ደግሞ ማንም እንደማይመጣ አውቃለሁ።

ፍልሰታ ሲገባ ለሐጂ ልነግራቸው ሄድኩ። ለእሳቸው መንገር ተገቢ ነው ብዬ ነበር። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ቢላቸውን አነሡ።

"ጠፍተዋል እኮ። ጓደኛችን ደህና ነው? ክረምት ነው፤ ደህና አድርጎ መብላት አለበት።" ያለ ስብ፣ ያለ አጥንት፣ እንደሚያውቁት አድርገው መቁረጥ ጀመሩ።

ሞተ ልል አፌን ከፈትኩ። ሶብር ይስጥዎ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ከልባቸው ያዝናሉ። ከዚያስ? እኔ የግመል ሥጋ አልበላም። ነገ ምን ብዬ ነው እዚህ የምመጣው?

"ደህና ነው" አልኳቸው። "ይበላል።"

"አልሐምዱሊላህ።"

ፌስታሉን ይዤ ስመለስ ኃላፊዋን ከፈላና በር አጠገብ አገኘኋት፤ ወደ ቅዳሴ እየሄደች ነው። የፍልሰታ ጾም ነው፣ በእጄ የያዝኩት የግመል ሥጋ ነው፣ በቤቴ ውሻ የለም። ፌስታሉን አየችና ያለ ምንም ክፋት ፈገግ አለች።

"ለውሻው ነው?"

"ለውሻው ነው።"

"እንዴት ሆነልሽ?"

"ደህና ነው።"

"ተመስገን" ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ሥጋውን ከበሩ ውጭ ለሚዞሩት ባለቤት አልባ ውሾች ጣልኩላቸው። አሁንም በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ሐጂ ዘንድ እሄዳለሁ፤ አሁንም ይጠይቁኛል፤ አሁንም ደህና ነው እላለሁ። እውነቱን ብናገር አንድ ቀን ያዝኑልኛል። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ምን ብለው ይጠይቁኛል?